ልጄ አልጀብራ አቃተው፤ እኔም አላውቀው

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ኮተቤ ነው። ሽሮ፣ በርበሬና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ትንሹ ሰባተኛ ክፍል ነው። ሰንበት ትምህርት ቤትም ይሄዳል፣ ረባሽ አይደለም። እስከ ስድስተኛ ክፍል በሒሳብ ጎበዝ ነበር። ዘንድሮ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ሆነ፣ ቁጥሩ መሐል ፊደል ገባ፣ ልጄ ጠፋብኝ። ደብተሩ ላይ ያፈጣል እንጂ አይሠራም። እህቱ ስትመጣ ቶሎ ቶሎ ሠርታለት ትሄዳለች። እሷ ከሌለች በስልክ ፎቶ አንስቶ መልሱን ይገለብጣል። ፈተና ላይ ግን ከ20 4 አመጣ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ምናልባት ከእኔ ወርሶት ይሆናል። ባለፈው ማክሰኞ ማታ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ሲጽፍ ሲያጠፋ አይቼ ተናደድኩና ‹ደደብ!› አልኩት። አለቀሰ። እኔም እሱ ሲተኛ አለቀስኩ። ጥያቄው ‹3 ኤክስ + 5 = 26› የሚል ነበር። እሱ ‹3 ኤክስ = 31› ብሎ ጽፏል። አስጠኚ ልቅጠርለት? አቅሜ ብዙ አይደለም። የማላውቀውን ነገር እንዴት አድርጌ ልርዳው?»

የሰባተኛ ክፍል እናት

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ብዙ ዓመት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬያለሁ። የልጇን ደብተር ይዛ ክፍሌ በር ላይ የጠበቀችኝ እናት አንድ ሁለት አይደለችም። ስለዚህ የጻፍሽው ሁሉ ዓይኔ ላይ አለ። ደብተሩ፣ በላጲስ ብዛት የተቀደደው ገጽ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ውለሽ ማታ የሚመጣብሽ ንዴት።

ሒሳቡ ትንሽ ይቆየን። መጀመሪያ ማክሰኞ ማታ ያመለጠሽን ቃል እናንሳ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «ደደብ» ሲባል ቶሎ አይረሳም። በማግስቱ ደብተሩን ሲገልጥ ከጥያቄው በፊት የሚታየው ያ ቃል ነው። ዛሬ ማታ ሌላ ሰው በሌለበት «የዚያን ዕለት ደክሞኝ ነበር። ያልኩህ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ አድርግልኝ» በይው። እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን አንተም እኮ...» ብለሽ አትቀጥዪ። ብዙዎቻችን ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይተን አላደግንም፤ ለአፋችን ይከብዳል። ቢከብድሽም በይው። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

«ከእኔ ወርሶት ይሆናል» ያልሽውንም ተይው፤ በተለይ እሱ ሲሰማ እንዳትይው። አንቺ ሦስት ሩብ ኪሎ በርበሬ ስንት ብር እንደሚመጣ ያለ ወረቀት ታሰያለሽ። መልስ ትሰጫለሽ። በዱቤ የወሰደውን ሰው ሒሳብ ወር ሙሉ ትይዣለሽ። ልጅሽ የወረሰሽ ነገር ካለ ይኼ ነው።

አሁን ወደ ስህተቱ። ልጅሽ 31ን ከየት አመጣው? 26ና 5ን ደምሮ። ድምሩ ልክ ነው። ክፍል ውስጥ «ቁጥሩ ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ተብሎ ተነግሮታል። ይህችን አባባል አስተማሪ ሁሉ ይላታል፤ እኔም ስላት ኖሬያለሁ። ልጁ መሻገሩን ያዘ፣ መቀየሩን ረሳ። ለምን እንደሚሻገርና ለምን እንደሚቀየር ካልታየው ደግሞ መርሳቱ አይቀርም። በቃል የተያዘ ደንብ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል።

ለምን እንደሚቀየር የሚታየው ደግሞ አንቺ ሱቅ ውስጥ ነው። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ካለሽ፣ ወይም ከጎረቤት መዋስ ከቻልሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ጥሪው። እሱ ሳያይ ሦስት ቋጠሮ ሽሮ እኩል እኩል መዝነሽ እሰሪ፤ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ይሁን። ሦስቱን ቋጠሮ በአንዱ ሳህን ላይ አድርጊ፤ ከጎናቸው የግማሽ ኪሎ ድንጋይ ጨምሪ። በሌላው ሳህን አንድ ኪሎና ሁለት ግማሽ ግማሽ ኪሎ ድንጋይ አድርጊ። ድንጋይ ካነሰሽ ግማሽ ኪሎ ጨው መዝነሽ ተኪው። ሚዛኑ ልክ ይቆማል። ከዚያ «አንዱ ቋጠሮ ስንት ይመዝናል? ቋጠሮ ለብቻው መመዘን ክልክል ነው» በይው።

ዝም ብለሽ ጠብቂ። ትንሽ ያስባል። ከዚያ የግማሽ ኪሎውን ድንጋይ ከቋጠሮዎቹ ጎን ያነሳዋል። ሚዛኑ ያዘነብላል። «አሁን እንዲስተካከል ምን ታደርጋለህ?» በይው። ከወዲያኛውም ግማሽ ኪሎ ያነሳል። ሚዛኑ ተመልሶ ይቆማል። ሦስት ቋጠሮ አንድ ኪሎ ተኩል ሆነ ማለት ነው። ለሦስት ያካፍለዋል፤ ግማሽ ኪሎ። ከዚህ በኋላ ቋጠሮውን ለብቻው እንዲመዝን ፍቀጂለት። በገዛ እጁ ያገኘውን በገዛ ዓይኑ ያየዋል።

እዚያው ሚዛኑ አጠገብ የማክሰኞዋን ጥያቄ አውጪ። 3 ኤክስ ማለት ሦስቱ ቋጠሮ ነው። 5 ድንጋዩ ነው። 26 ወዲያኛው ሳህን ላይ ያለው ነው። 5ቱን ከዚህ ስታነሳ ከወዲያም 5 ማንሳት አለብህ፤ 21 ይቀራል። ለሦስት ሲካፈል 7። የተሻገረ ነገር የለም። ከሁለቱም ወገን እኩል ተነሳ፤ በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ ላይ በእኩል ምልክቷ መሐል ወደ ታች ቀጭን መስመር ያስምር። ግራው አንድ ሳህን፣ ቀኙ አንድ ሳህን።

ስለዚህች የእኩል ምልክት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጅ የሚጠፋው እዚህ ነው። በአማርኛ «እኩል ይሆናል» ብለን ነው የምናነባት። «ይሆናል» ስንል ግን ልጁ «ከዚህ በኋላ መልስ ይመጣል» ብሎ ይሰማል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው ያያት፤ በስተግራ ሥራ፣ በስተቀኝ መልስ። ልጅሽን ይህን ጠይቂው፦ 8 + 4 = ባዶ ቦታ + 5። ባዶው ቦታ ላይ ምን ይገባል? 12 ካለሽ ችግሩን አገኘሽው። ትክክለኛው 7 ነው፤ በዚህ በኩልም 12፣ በዚያ በኩልም 12 መሆን አለበትና። ስታነብቡት «ይሆናል» በማለት ፋንታ «ያህላል» በሉት። «ሦስት ኤክስና አምስት፣ ሃያ ስድስትን ያህላል»። ልጁ ሚዛኑን ያስታውሳል።

ኤክስ ራሷስ? እህቴ፣ አንቺ በቀን ስንት ጊዜ ነው «እንትን» የምትዪው? «እንትኑን አቀብለኝ»፣ «እንትን እኮ መጣ»። ስሙ ለጊዜው ያልመጣልንን ወይም ልንናገረው ያልፈለግነውን ነገር «እንትን» ብለን እናልፋለን፤ ሰሚው ከወሬው ውስጥ አውጥቶ ያገኘዋል። ኤክስ እንትን ናት። «ሦስት እንትን ሲደመር 5፣ 26ን ያህላል። እንትን ስንት ነው?» እንደዚህ ብለሽ ጠይቂውና ፊቱን እዪው።

ነገሩ የተጀመረውም እንደዚሁ ነው። ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ባግዳድ የኖረው አል-ኽዋሪዝሚ አልጀብራን ሲጽፍ ኤክስ የሚባል ፊደል አልነበረውም። ሁሉንም በቃላት ነው የጻፈው። ያልታወቀውን ቁጥር «ሸይ» ይለው ነበር፤ በዐረብኛ «ነገር» ማለት ነው። የጻፈውም ለውርስ ክፍፍል፣ ለንግድና ለመሬት ልኬት እንዲጠቅም ብሎ ነው። «አል-ጀብር» የሚለው ቃል የጎደለን መመለስ፣ የተሰበረን መጠገን ማለት ነው፤ የተሰበረ አጥንት ወደ ቦታው መመለስም በዚሁ ቃል ይጠራል። የኛ ወጌሻ የሚሠራውን ማለት ነው። ይህን ለልጅሽ ንገሪው። አልጀብራ ፈረንጅ እሱን ለማስጨነቅ ያመጣው ነገር እንዳልሆነ ይወቅ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ልጁን ለመርዳት ብለሽ «ኤክስ ማለት በርበሬ ነው» እንዳትይው። ኤክስ የአንድ ኪሎ በርበሬ ዋጋ ልትሆን ትችላለች፤ ወይም የኪሎው ብዛት። ራሱ በርበሬው ግን አይደለችም። ኤክስ ሁልጊዜ ቁጥር ናት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ግን ጥያቄውን ወደ ሒሳብ የሚለውጡትና የማይለውጡት ልጆች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። «ኤክስ እዚህ የምን ቁጥር ናት?» ብለሽ ጠይቂው። «የዋጋው»፣ «የዕድሜው»፣ «የእንቁላሉ ብዛት» ይበልሽ።

አሁን ወዳስጨነቀሽ ጥያቄ ልምጣ። የማታውቂውን እንዴት ትረጂዋለሽ? አልጀብራ ከሌላው የቤት ሥራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መልሱ ልክ መሆኑን ለማወቅ መልስ የያዘ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ አስተማሪም አያስፈልግም። ልጁ «ኤክስ 7 ነው» ካለሽ 7ን ጥያቄው ውስጥ መልሶ ይክተተው። 3 ጊዜ 7፣ 21። ሲደመር 5፣ 26። ልክ ነው። የማክሰኞውን እንየው ደግሞ። 31 ለሦስት ሲካፈል 10 ከምናምን ነው። 3 ጊዜ 10 ብቻውን 30 ሆነ፤ ገና ሳይደመር ከ26 አለፈ። ስለዚህ ልክ አይደለም። ይህን ለማየት ማባዛትና መደመር ይበቃል። ሁለቱንም ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ያንቺ ሥራ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ «መልሰህ ከትተህ አይተኸዋል?» በየጥያቄው። ልክ ቢሆንም ባይሆንም። ልክ ሲሆን ብቻ ዝም ካልሽ ልጁ ካንቺ ፊት መልሱን ማንበብ ይለምዳል። ከተተና አልገጥም ካለው «የት ላይ ይመስልሃል የሳትከው?» በይው፤ ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ድምፁን አውጥቶ ያስረዳሽ። «ለምን ቀነስክ?»፣ «ለምን አካፈልክ?» በይው። ስላልገባሽ ትጠይቂያለሽ፤ እሱ ያስረዳል። ብዙ ጊዜ ስህተቱን መሐል ላይ ራሱ ያገኘዋል። «ኧረ ቆይ!» ይላል። እኔ ክፍል ውስጥ ከምወዳቸው ድምፆች አንዷ ይህች ነበረች። አንቺ አለማወቅሽ እዚህ ላይ እንዲያውም ይጠቅማል፤ የሚያውቅ ሰው ዝም ማለት አይችልም፣ ልጁ ሳይጨርስ ይነጥቀዋል።

ልክ እንደ ትልቋ ልጅሽ። እሷን አትቆጪያት፣ ስለምትወደው ነው። ግን አንድ ደንብ አውጪ፦ እርሳሱ ከእሱ እጅ አይወጣም። እህቱ በአፏ ትናገር እንጂ አትጻፍለት።

የፈተናውን ወረቀት አውጪና አብራችሁ እዩት። ከ20 16ቱ ለምን ሄደ? ሁሉም በአልጀብራ አይደለም። እኔ ባየሁት አልጀብራ አቃተው ከሚባል ልጅ ብዙው ያቃተው ሌላ ነገር ነው። አንዱ የማባዛት ሰንጠረዡ ላልቷል፤ 7 ጊዜ 8 ሲባል ጣቱን ይቆጥራል። ሌላው ክፍልፋይ አልገባውም። ሌላው ቅንፍ ይረሳል። ብዙዎቹ ደግሞ በማይነስ ነው የሚወድቁት።

ማይነሱን በዱቤ ደብተርሽ አስረጂው። አንዲት ጎረቤት 30 ብር ዱቤ አለባት፤ ዛሬ ደግሞ የ40 ብር ወሰደች። ስንት አለባት? 70 ብር ዱቤ። በሒሳብ −30 − 40 = −70 ነው። ብዙ ልጅ እዚህ +70 ብሎ ይጽፋል፤ «ማይነስ በማይነስ ፕላስ» የምትል ዜማ ጭንቅላቱ ውስጥ ስላለች። ያቺ ዜማ የማባዛት ናት፣ የመደመር አይደለችም። ሁለት ጊዜ ተበድሮ ሀብታም የሆነ ሰው አይተህ ታውቃለህ ብለሽ ጠይቂው። ለማባዛቱም ያው ደብተር ይሠራል። ጎረቤቲቱ ሦስት ጊዜ የ40፣ የ40 ብር ዱቤ ነበራት። ለበዓል ብለሽ ሦስቱንም ሰረዝሽላት። ዱቤ ማይነስ ነው፤ መሰረዝም ማይነስ ነው። 120 ብር ተጠቀመች። −3 ጊዜ −40፣ +120 የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቅንፉን ደግሞ በምርቃት። 2(ኤክስ + 3) = 16 ተብሎ ሲሰጠው 2 ኤክስ + 3 ብሎ ይጽፍ እንደሆነ እዪ። ከጻፈ ሁለት ፌስታል አምጪ። ሁለቱም ውስጥ እኩል ሎሚ አለ፣ ብዛቱ አልተነገረንም። ለእያንዳንዱ ፌስታል ሦስት ሎሚ ምርቃት ተጨምሮበታል። በድምሩ 16 ሎሚ ሆነ። 2 ኤክስ + 3 ብሎ የጻፈ ልጅ አንደኛውን ደንበኛ መርቆ ሁለተኛውን ያለ ምርቃት ሸኝቶታል። ይህ ተገቢ እንዳልሆነ ያንቺ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ለሁለቱም ሲመረቅ ምርቃቱ 6 ነው፤ 16 ሲቀነስ 6፣ 10፤ ለሁለት ሲካፈል በየፌስታሉ መጀመሪያ 5 ሎሚ ነበር።

የቀረው እንግሊዝኛው ነው፤ ይህን አታቃልዪው። «ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ሆነ» ብለሽ በአንድ መስመር ጽፈሽ አልፈሻል። እኔ ግን ግማሹ ችግር እዚያ ይመስለኛል። ልጅሽ ባለፈው ዓመት «ብዜት»፣ «ልዩነት»፣ «እጥፍ» ሲባል ያውቅ ነበር። ዘንድሮ «ፕሮዳክት» ሲባል የፋብሪካ ዕቃ ይመስለዋል። ትንሽ ደብተር ግዢለትና በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ይጻፍ። «ፕሮዳክት» ብዜት፣ «ሰም» ድምር፣ «ዲፈረንስ» ልዩነት፣ «ትዋይስ» ሁለት እጥፍ፣ «ኮንሰኪውቲቭ» ተከታታይ። በተለይ «ሶልቭ» እና «ሲምፕሊፋይ» የሚሉትን ይለይ። «ሶልቭ» እንትንን ፈልገህ አምጣ ማለት ነው። «ሲምፕሊፋይ» ያለውን ሰብስበህ አሳጥረው ማለት ነው፤ የሚፈለግ እንትን የለም። እኩል ምልክት በሌለበት ጥያቄ ላይ ልጆች ከራሳቸው «= 0» ጨምረው ኤክስን ሲያሳድዱ የሚያመሹት ይህን ስለማይለዩ ነው። ትልቋ ልጅሽ ልትረዳ ከፈለገች ይህን ደብተር ትሙላለት።

ቃላቱን ካወቀም በኋላ አንድ ወጥመድ አለ። «ሲክስ ሌስ ዛን ኤ ነምበር ኢዝ ቴን» ይላል ጥያቄው። ልጁ እንደሰማው በተርታ 6 − ኤክስ = 10 ብሎ ይጽፋል። በአማርኛ ብትዪው ግን «ከአንድ ቁጥር ላይ 6 ሲቀነስ 10ን ያህላል» ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ መጣ፣ 6 ተከተለ። ኤክስ − 6 = 10። ቋንቋችን እዚህ ላይ ልክ በሚጻፍበት ተርታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የቃላት ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ በአማርኛ ይንገርሽ፤ ከዚያ ይጻፍ። ለዚህ ሥራ ካንቺ የተሻለ ሰሚ የለም። የነገረሽ ነገር ካልገባሽ፣ ለራሱም አልገባውም ማለት ነው።

ስልኩን አትንጠቂው። መጀመሪያ ራሱ ይሥራ፣ መልሶ ይክተት፤ እንቢ ካለው ፎቶ ያንሳ። ያኔ መልሱን ሳይሆን መንገዱን ያስተያይ፦ የእሱ መስመርና የስልኩ መስመር የተለያዩት ስንተኛው ላይ ነው? ያችን መስመር ያክብባት። ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ጥያቄውን እንደ አዲስ ይሥራ።

አስጠኚውን አሁን አትቅጠሪ። አንድ ወር እንዲህ ሞክሩት፤ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ከእራት በፊት፣ ሳይደክማችሁ። በመሐሉ አንድ ቀን የፈተናውን ወረቀት ይዘሽ ትምህርት ቤት ሂጂ። አስተማሪውን «ልጄ እንዴት ነው?» አትበዪው፤ «ደህና ነው፣ ይበርታ» ብሎ ይሸኝሻል። «ማይነስ ላይ ይሳሳታል፣ ቅንፍ ይረሳል፣ ምን ልሥራለት?» በዪው። ከወሩ በኋላም አስጠኚ ካስፈለገ ቅጠሪ። በሁለተኛው ሳምንት ግን «ልጄ የሚሰናከለው የት ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ለይቶ ከነገረሽ ጥሩ ሰው አግኝተሻል። «ሁሉንም እየሠራን ነው» ካለሽ የቤት ሥራውን እየሠራለት ነው፤ ገንዘብሽን ያዢ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳል ካልሽ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አገልጋይ ካለ ስለ አበቅቴና መጥቅዕ ይጠይቀው። በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት ሊቃውንቱ የሚያሰሏቸው ቁጥሮች ናቸው፤ የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 30 ነው። የ2018 ዓ.ም አበቅቴ 12 ነው። 12 + ኤክስ = 30። መጥቅዑ ስንት ነው? ልጅሽ 18 ብሎ ሲመልስ፣ እዚያም አልጀብራ እንደሠራ ንገሪው።

በመጨረሻ ለዛሬ ማታ። ይቅርታውን ከጠየቅሽው በኋላ ደብተር አታውጡ። እራት ላይ «እንቆቅልህ» በይው። «ምን አውቅልሽ» ይበልሽ። ይህችን ጠይቂው፦ አንዲት ወፍ በሰማይ የሚሄዱ ወፎች አየችና «መቶዎቹ፣ ደህና ናችሁ?» አለቻቸው። እነሱም «መቶ አይደለንም። እኛ፣ እኛን የሚያህሉ ሌሎች፣ የእኛ ግማሽ፣ የግማሻችን ግማሽ፣ አንቺም ስትጨመሪ ነው መቶ የምንሆነው» አሏት። ስንት ናቸው?

እንዲገምት ፍቀጂለት። 40 ቢል አብራችሁ ደምሩ፦ 40፣ ሌላ 40፣ 20፣ 10፣ ከአንዷ ጋር 111። በዛ። ዝቅ ይበል። ግማሹም የግማሹም ግማሽ ሙሉ ወፍ መሆን እንዳለበት ራሱ ይደርስበታል፤ ግማሽ ወፍ አይበርምና። ሲሰለቸው ወረቀት ፈልጎ «እንትን» ብሎ ይጽፋት ይሆናል። ባይጽፍም ግድ የለም፤ ነገ ማታም ይቀጥላል። ቁጥር ሲያመጣልሽ እኔን መጠየቅ አያስፈልግሽም። ደምሪው፤ 100 ከመጣ አግኝቶታል።